የፖሊስ ደም ድንበር ሲደርስ

ባለፈው ዓመት ለአንድ ዘመዴ ተዝካር ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር። ድግሱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጉና ፊት ለፊት ከሚታይበት መንደር ነው። የጉናን ብርድ ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት ይከብዳል። ጠላው በእጅህ፣ ጋቢው በትከሻህ፣ የበግ ፀጉር ባናው በጉልበትህ ላይ ሆኖ እንኳ ከወገብህ በታች ያለው አካል የአንተ አይመስልህም።

ብርድ ሲሆን ወሬ ይረዝማል። ከማዳበሪያ ዋጋ የተነሣው ጨዋታ በልጆች ትምህርት ዞሮ፣ ድንች ላይ ትንሽ አርፎ፣ በመጨረሻ እንደ ልማዱ የሸፈቱ ሰዎች ዘንድ ደረሰ። አጠገቤ የተቀመጠ አንደበተ ርቱዕ ጎልማሳ ሃያ አራት ዓመት የሆነውን ታሪክ አወጣ። በወሰን የተጣላ ገበሬ ነበረ። ተከሰሰ፤ ፍርድ ቤት ቢጠራው አልቀርብም አለ። ፖሊስ ይዞ እንዲያቀርበው ታዘዘ። ፖሊሱ ብቻውን፣ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ፣ በማለዳ ሄደ። ሰውየው ከገብስ ማሳው ዳር ጠብቆ ተኮሰበት። ከዚያማ ምኑ ይወራል! ፎገራንና ደንቢያን በሌሊት አቋርጦ ወደ ቆላ ወረደ፤ አንድ ክረምት ቋራ፣ አንድ መኸር መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ ቆየ፤ ፍለጋው ሲበረታ ጋላባትን ተሻግሮ ገዳሪፍ ገባ።

ተራኪው ያልያዘው ዝርዝር የለም። የክላሹ ሰደፍ ታጣፊ መሆኑን፣ ሰውየው ያን ዕለት የለበሰውን ጃኬት፣ በየትኛው ሸንተረር እንደወረደ፣ ማን ቤት እራት እንደበላ፣ ሁሉንም ያውቃል። ድንኳኑ ጸጥ ብሎ ይሰማል። እኔም እሰማለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ጥሩ ታሪክ ሲነገር አፌን የምከፍት ሰው ነኝ። ሲጨርስ ግን አንድ ነገር ጎደለብኝና “ፖሊሱስ ማን ይባላል?” አልኩት።

“እሱማ አንድ ፖሊስ ነው” አለኝ።

ከድንኳኑ ጥግ፣ ከሴቶቹ ወገን፣ ቆብ የደፉ አንዲት እናት “ስም ነበረው እኮ” አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። የሟቹ ታላቅ እኅት መሆናቸውን ለካስ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃል፤ ተራኪውም ጭምር።

ስንወጣ እማሆይ እጄን ያዙኝ። “ልጄ፣ አንተ መጽሐፍ ያየህ ሰው ነህ ይላሉ። ሱዳን የገባ ሰው አይጠየቅም?”

ይጠየቃል አልኳቸው። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት። አዲስ አበባ ተመልሼ ወረቀት ሳገላብጥ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት። ኢትዮጵያና ሱዳን ወንጀለኛ የመለዋወጥ ውል ያሰሩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ እኔ ሳልወለድ። የእማሆይ ጥያቄ ወረቀት ላይ ከተመለሰ ስልሳ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። እንግዲህ ይህን የምጽፈው የፖሊስን ደም ድንበር ላይ የሚያስቆመው የሕግ እጦት ነው የሚለው ሰበብ ስለሰለቸኝ ነው። የሚያስቆመው የእኛ አመል ነው፤ የሕዝቡም፣ የመንግሥታቱም።

ከቃሉ ልነሣ፤ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ከቃል ሌላ መነሻ የለውም። ሕጉ “አሳልፎ መስጠት” ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 21 የሚናገረው ስለዚሁ ነው። ታዲያ ይህ ቃል አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ላይ ሲያርፍ ማንን ያስታውሳል? ይሁዳን! ጌታውን በሠላሳ ብር አሳልፎ የሰጠውን። “ወንድሜ አሳልፎ ሰጠኝ” የሚል ሰው ስታገኙ ስለ ፍርድ ቤት ሥነ ሥርዓት የሚያወራ አይመስላችሁም፤ ስለ ክህደት ነው የሚያወራው። ሕጉ ሥራዬ ብሎ የያዘውን ነገር ቋንቋችን ገና ከደጁ ኮንኖታል። በአንጻሩ “ገዳይ” የሚለውን ቃል ወስዳችሁ ፉከራ ውስጥ አስገቡት፤ ማዕረግ ነው።

“ጥገኝነት”ም ክቡር ቃል ነው። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የተማጸነ፣ ደወል የደወለ፣ የትልቅ ሰው ደጅ የተጠጋ አይነካም ነበር። ይህን ክፉ ባህል አልለውም። ያለ ፍርድ ሊገደል የነበረ ስንቱን አትርፏል! ነገር ግን ይኸው አገር አውጫጭኝም ነበረው። ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲሰወር አገሬው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ የሚያውቅ እስኪናገር ማንም ወደ ቤቱ፣ ወደ እርሻው አይመለስም። አስቸጋሪ ሥርዓት ነበር፤ ንጹሑም አብሮ ይንገላታል። ሆኖም አንድ ነገር ያውቅ ነበር፦ ገዳይን የሚሸሽገው ጫካው ሳይሆን ጎረቤቱ መሆኑን። እኛ አውጫጭኙን ጥለን ጥገኝነቱን ብቻ ይዘን ቀረን።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ስንት ዓመት ሳስተምር ተማሪዎቼ በ“ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥ አብልጠው የሚወዱት አበጀ በለውን ነበር፤ እኔም እንደነሱ። ባላባት የማረከ ሽፍታ ማን ይጠላል? እሱን መውደዴ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ “በነዚህ በምንወዳቸው የሽፍታ ታሪኮች ውስጥ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ሰው የማን ልጅ ነው?” ብዬ አንድ ቀን እንኳ ክፍል ውስጥ አለመጠየቄ ነው። የማን ልጅ እንደሆነማ እናውቃለን። የገበሬ ልጅ ነው። ውጤት ስላልመጣለት ወይም መሬቱ ለወንድማማቾቹ ስላልበቃ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ደሞዙ ወር የማያደርሰው፣ በእረፍቱ ቀን አጨዳ የሚያግዝ። የተኮሰበትም ያንኑ ገብስ በልቶ ያደገ ነው።

ወደ ሱዳን ልመለስ። እማሆይ የጠየቁኝን ጥያቄ አንድ ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ለዓለም አቅርቦት ነበር፤ ያውም ስለዚያችው ስለ ሱዳን።

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ቦሌ አርፈው ወደ ከተማ ሲገቡ ታጣቂዎች መንገድ ዘግተው ተኮሱባቸው። ጥይት የማይበሳው መርሴዲሳቸው ዞሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመለሰ፤ እሳቸውም በደኅና ካይሮ ገቡ። አስፋልቱ ላይ የቀሩት ሁለት የኢትዮጵያ ፖሊሶች ናቸው። ከአጥቂዎቹ የሞተው ሞተ፤ ሦስቱ ተይዘው እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ላይ ሞት ተፈረደባቸው። ሦስት ሌሎች ተጠርጣሪዎች ግን ሱዳን ተሸሽገዋል ተባለ።

ከዚያ የሆነውን ወጣቱ አንባቢ ላያውቀው ይችላል። ኢትዮጵያ ጉዳዩን መጀመሪያ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ ቀጥሎ ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት አቀረበች። ምክር ቤቱ ጥር 22 ቀን 1988 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳን ሦስቱን ተጠርጣሪዎች ለኢትዮጵያ አሳልፋ እንድትሰጥ ጠየቀ። በምን መሠረት? በዚያው በ1964ቱ ውል። ሱዳን ፈለግሁ፣ አጣሁ አለች። በሚያዝያ ውሳኔ 1054 መጣ፤ የሱዳን ኤምባሲዎች ሠራተኛ እንዲቀንሱ፣ የባለሥልጣናቷ ጉዞ እንዲገደብ። በነሐሴ ውሳኔ 1070 ተከተለ፤ የሱዳን አውሮፕላኖች እንዲታገዱ። ይሄኛው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

አያችሁ? ፖሊስ ገድሎ የሸሸን ሰው ለማስመለስ የምድራችን ትልቁ ሸንጎ ሦስት ጊዜ እጁን አወጣ። መጨረሻውስ? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 ማዕቀቡ ተነሣ። ሦስቱ ሰዎች አዲስ አበባ አልመጡም። ከመካከላቸው አንዱ ከዓመታት በኋላ በግብፅ እጅ መግባቱ ተሰማ፤ በእኛ እጅ አይደለም። ይነሣ ብለው ከደገፉት መንግሥታት አንዱ ደግሞ የራሳችን ነበር። በመሀሉ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ገብተን ነበርና ካርቱም ወዳጅ ሆና ታስፈልገናለች። የሱዳኑ ሐሰን አል ቱራቢ ቀደም ብለው ሰጥተውት እሳቸው ከሞቱ በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. አልጀዚራ ባስተላለፈው ቃለ ምልልስ፣ ሤራው ውስጥ የገዛ መንግሥታቸው ትልልቅ ሰዎች እንደነበሩበት ተናገሩ። በአዲስ አበባ ማንም ወንበሩ ላይ የተነቃነቀ አልመሰለኝም።

ይህን ሳነብ የሰነበትኩ ሰሞን ወዳጆቼን መጠየቅ አመል ሆነብኝ። ሁሉም ጥቃቱን ያስታውሳል። የመኪናውን ዓይነት ያውቃል፤ ሾፌሩ እንዴት አድርጎ እንዳዞረው በእጁ እያሳየ ይነግረኛል። “የሁለቱ ፖሊሶች ስምስ?” ስል ግን አንዱ ቡናውን ያማስላል፣ ሌላው ሰዓቱን ያያል። ያ የተዝካር ድንኳን ጉና ሥር ብቻ የተተከለ አልነበረም።

እንግሊዞችን ላመስግን አላሰብኩም፤ ለመቅደላ ገና ይቀራቸዋል። ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1984 ለንደን ውስጥ ከሊቢያ ኤምባሲ በተተኮሰ ጥይት የሞተችው የሃያ አምስት ዓመቷ ፖሊስ ኢቮን ፍሌቸር ትባላለች። ስሟን እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ አውቀዋለሁ። የወደቀችበት ቦታ ድንጋይ ቆሞላታል። እዚያም ፍትሕ አልተሟላም፤ ኤምባሲው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ከአሥራ አንድ ቀን ከበባ በኋላ ተሸኝተው አገራቸው ገቡ፤ በግድያዋ በወንጀል የተቀጣ የለም። ነገር ግን ያን ዕለት አብሯት የነበረው ባልደረባዋ ነገሩን አልለቀቀም። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ለአንድ ፓውንድ ካሳ ብሎ በፍትሐ ብሔር ከሶ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድ የሊቢያ ሰው ተጠያቂ ነው እንዲል አደረገ። ለአንድ ፓውንድ! በሕግ የሚፈለግ ደም እንዲህ ነው የሚፈለገው።

የተማረው ሰው ግን የትም አገር ያው ነው። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ባቲስቲ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከግራ ታጣቂዎች ጋር ሆኖ አራት ሰው በመግደል ተፈረደበት፤ ከአራቱ አንዱ የወህኒ ቤት ጠባቂ፣ አንዱ ፖሊስ ነበሩ። ከእስር አምልጦ ፈረንሳይ ገባ፤ እዚያም የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ሆነ። ደራሲ ከሆነ በኋላማ ማን ይነካዋል? የፓሪስ ጸሐፍትና ፈላስፎች ተሰልፈው ጠበቃ ቆሙለት። ብራዚል ሲሸሽ ፕሬዚዳንት ሉላ በሥልጣን ዘመናቸው የመጨረሻ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2010፣ አልሰጥም አሉ። በ2019 ቦሊቪያ ውስጥ ተይዞ ጣሊያን ገባ፤ ከሁለት ወር በኋላም ግድያዎቹን አመነ። ከደጋፊዎቹ ስንቶቹ ለሟቾቹ ቤተሰብ ይቅርታ እንደጻፉ ብጠይቅ ነገረኛ ያሰኘኛል። አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው ተራኪ ከእነዚህ ሰዎች በምን ያንሳል? እሱ እንኳ ፈረንሳይኛ አያውቅም።

አሁን ወደ መንግሥታት ልዙር። “ድንበር ተሻግሮ ሰው ማምጣት አስቸጋሪ ነው” ሲሉኝ እስቃለሁ። አስቸጋሪ የሚሆነው ሟቹ ፖሊስ ሲሆን ብቻ ነው። ሰኔ 16 ቀን 2006 ዓ.ም. የእንግሊዝ ዜግነት ያላቸው የተቃዋሚ መሪ አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ አውሮፕላን ለመቀየር ሰንዓ አረፉ፤ የመን ያዘቻቸውና ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ ኢትዮጵያ ገቡ። የጋምቤላው የቀድሞ ፕሬዚዳንት አቶ ኦኬሎ አኳይ የኖርዌይ ዜጋ ሆነው ሳለ በዚያው ዓመት ከጁባ መጡ። ማመልከቻ የለ፣ ክርክር የለ፣ የ1964 ውል የለ። ሁለቱም በ2010 ዓ.ም. ተፈቱ። እንግዲህ መንግሥት ሲፈልግ በአንድ ሌሊት ከቀይ ባሕር ማዶ ሰው ያመጣል፤ ከመተማ ማዶ ያለውን ገዳይ ግን ሃያ አራት ዓመት አይደርስበትም።

ነገሩ መናቅ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እንዲህ ያለው የሌሊት ሥራ የቀን ሥራውን ያበላሸዋል። አሳልፎ የመስጠት ሕግ በመተማመን ነው የሚሠራው። ጠያቂው አገር ማዘዣውን፣ ማስረጃውን፣ የተፈላጊውን ማንነት፣ የተጣሰውን ሕግ ጽፎ ይልካል። ተጠያቂው አገር ይመዝናል፦ ነገሩ በእኔም አገር ወንጀል ነው ወይ? የፖለቲካ ቂም አይደለም ወይ? ሰጥቼው በሌላ ነገር አይከሱትም ወይ? ሄዶ አይገረፍም፣ አይሰቀልም ወይ? ተቀናቃኙን በጆንያ የሚያስመጣ መንግሥት ነገ ነፍሰ ገዳይን በወረቀት ሲጠይቅ ማን ያምነዋል? እውነተኛው ገዳይ እኮ “እኔም የፖለቲካ ስደተኛ ነኝ” የሚልበትን ካባ የሰፋንለት እኛው ነን።

የሞት ቅጣቱም አንዱ እንቅፋት ነው። ግንቦት 1983 ላይ ጥቂት የደርግ ባለሥልጣናት አዲስ አበባ ያለው የጣሊያን ኤምባሲ ገቡ። ድንበሩ የኤምባሲ አጥር ነበር፤ ከአጥሩ ወዲህ ታክሲ ይጮኻል። ጣሊያን ሞት ወደሚፈረድበት አልሰጥም አለች፤ የቀሩት ሁለቱ በ2013 ዓ.ም. በአመክሮ እስኪለቀቁ ወደ ሠላሳ ዓመት እዚያው ኖሩ። ኮሎኔል መንግሥቱ ደግሞ ሐራሬ ናቸው፤ ዚምባብዌ ደጋግመን ብንጠይቅ አልሰጠችም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስድሳዎቹ መካከል የፖሊስ አዛዥ የነበሩት ሌተና ጄኔራል ይልማ ሽበሺ ይገኙበታል። ድንበር የሚያግደው የተራ ፖሊስን ደም ብቻ እንዳይመስለን ነው ይህን ማንሣቴ።

የተሳካም አለ፤ ልብ ብለን ካየነው ሁሉም በፍርድ ቤት በር ያለፈ ነው። ከልቤሳ ነገዎ አትላንታ ውስጥ ሆቴል ሲሠራ ያወቀችው እዚያው የምትሠራ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ያሠቃያት ሴት ነበረች። ከሁለት ሌሎች ሴቶች ጋር ሆና ከሰሰችው፣ ረታችው። እዚህ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ስለነበር አሜሪካኖቹ በኢሚግሬሽን ሕጋቸው መዝነው እ.ኤ.አ. በ2006 መለሱት። እሸቱ ዓለሙ ደግሞ የሆላንድ ዜጋ ሆኖ ነበርና አልተሰጠም፤ ሔግ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2017 ጎጃም ውስጥ ስለፈጸመው ሁሉ ዕድሜ ልክ ፈረደችበት። ወይ ስጥ፣ ወይ ዳኝ ይሉታል ሕግ አዋቂዎች። የእኛም አንቀጽ 21 እንዲሁ ይላል፤ ኢትዮጵያዊ ለሌላ አገር አይሰጥም፣ ግን እዚሁ ይዳኛል።

ለመሆኑ ይዳኛል? አንድ የጉና ልጅ ገዳሪፍ ላይ የሱዳን ፖሊስ ገድሎ ቢመለስ ምን እናደርገዋለን? ፎክሮ ይገባል፤ በግም ይታረድለት ይሆናል። የገዳሪፍ እናት “ኢትዮጵያ የገባ ሰው አይጠየቅም?” ብላ ስትጠይቅ የሚሰማት ጆሮ ከሌለን ካርቱምን የምንወቅስበት አፍ ከየት አመጣን?

አሁን የሚቆጣብኝ አንባቢ አለ። “ፖሊስ ፖሊስ ትላለህ፤ ፖሊሱ ራሱ አይገድልም? አያስርም? ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልላችን የሆነውን አላየህም?” ይለኛል። አይቻለሁ። ፖሊስም፣ ሚሊሻም፣ ፋኖም፣ ምንም የማያውቅ ገበሬም ሞቷል፤ የተቀበረበት የማይታወቅም አለ። ዩኒፎርም ለብሶ ሰው ያለ ፍርድ የገደለም እንደማንኛውም ገዳይ ይጠየቅ፤ ድንበር ከተሻገረም እንዲያው ይፈለግ። ግን ይህ መልስ የእማሆይን ወንድም ከገብሱ ማሳ ዳር አያነሣውም። ያ ሰው መጥሪያ ይዞ እንጂ ጦር ይዞ አልሄደም። የሁሉም ነገር ፖለቲካ ነው ማለት የሚጠቅመው የወሰን ጠበኛውን ነው። የትኛው ፖለቲካ፣ የትኛው ተራ ግድያ እንደሆነ ይለይ ዘንድ ነው የውጭ አገር ዳኛ መሀል የሚገባው። ስለዚህ እላለሁ፦ የሞት ቅጣት አንፈጽምም ብለን ዋስትና እንስጥ፣ ታዛቢ ይግባ እንበል፣ በጠየቅነው ወንጀል ብቻ እንዳኘው። ይህ ሽንፈት የሚመስለው ካለ ሠላሳ ዓመት የኤምባሲ አጥር ያየውን ሰው ይጠይቅ።

ዘንድሮ በጥምቀት ሰሞን ደብረ ታቦር ተመለስኩ። ለእማሆይ ማመልከቻ ልጽፍላቸው ቃል ገብቼ ነበር። ቸኩያለሁ፤ ምክንያቱም በሕጋችን ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ወንጀል ይርጋው ሃያ አምስት ዓመት ነው። ይርጋውን የሚያቋርጡ ነገሮች መኖራቸውን ጠበቆች ነግረውኛል፤ ለዚያ ግን መዝገቡ መገኘት አለበት።

ቤታቸው ምድጃ አጠገብ ተቀምጠን “የሟች ስም” ከሚለው ጀመርን። የእሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም ቀስ ብለው እየጠሩ አስጻፉኝ፤ የክርስትና ስሙንም ጨመሩ። አያስፈልግም አላልኳቸውም። “ቢያዝ ይሙት ይላሉ?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“የሱ ሞት ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ይምጣና በሰው ፊት ይናገር።”

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል ስንቱ ሸሽቶ ይገባ የለ? ሰውየውም ገብቷል፤ መተማ ገበያ ላይ ታይቷል ይባላል። ይህን ሁሉ ስለ ውልና ስለ ውሳኔ ቁጥር የለቀምኩት ለምን ነበር ታዲያ!

ማመልከቻውን ይዘን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። የተቀበለን ወጣት ትሑት ልጅ ነው፤ ለእማሆይ ወንበር ስቦ ሰጣቸው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ።

“ጋሼ፣ ሱዳን እኮ አሁን ጦርነት ላይ ነው። ማን ተቀብሎን?”

“መተማ ታይቷል ይባላል” አልኩት።

“ማን አየው? ስም ይነገረኝና ቃላቸውን እቀበላለሁ።”

እማሆይን አየኋቸው። ያዩትን ሰዎች እሳቸውም እኔም እናውቃቸዋለን። ሁለቱ በዚያ ተዝካር ከእኛ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ አንደኛው ያ ተራኪ ነው። ወጣቱ እስኪርብቶውን አንሥቶ ጠበቀን።